0.53 ወይስ 5.3? ስለ አቼቶ ታይትሬሽን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ዘንድሮ በኬሚስትሪ ተመርቄ አቼቶ የሚያሽግ አነስተኛ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ገብቻለሁ። 10 ሚሊ ሊትር አቼቶ በፒፔት ወስጄ በ100 ሚሊ ሊትር ቮሉሜትሪክ ፍላስክ ውስጥ በዲስቲልድ ውሃ እስከ ምልክቱ ሞላሁት። ከዚያ ላይ 25 ሚሊ ሊትር ወስጄ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት አደረግሁ፤ ኢንዲኬተሩ ፌኖልፍታሊን ነው። ቤዙን ባለፈው ወር 4 ግራም መዝኜ በአንድ ሊትር ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። አራት ጊዜ ስሠራ ቡሬቱ 22.90፣ 21.75፣ 21.70 እና 21.80 ሰጠኝ። አማካዩን ወስጄ በተማርኩት ቀመር ሳሰላው 0.53 በመቶ መጣ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ግን 5 በመቶ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ መዝገብ ላይ ‹የቡሬት ንባብ × 0.24› ይላል፤ በሱ ስሠራው 5.3 ይመጣል። አለቃዬ የመዝገቡን ተከተይ አለኝ። 0.24 ከየት እንደመጣ የሚነግረኝ ግን አጣሁ። የተሳሳትነው ማንኛችን ነን?»

(ለሙያው አዲስ ለሆነ አንባቢ፦ ታይትሬሽን ማለት ጥንካሬው የታወቀ ቤዝ፣ እዚህ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ መጠን ከተጻፈበት ቱቦ ከቡሬት ጠብ እያደረጉ አሲዱን ለመጨረስ ስንት እንደፈሰሰ ማንበብ ነው። ፒፔት የተወሰነ መጠን ፈሳሽ መውሰጃ ነው። ኢንዲኬተር አሲዱ ማለቁን በቀለም የሚያሳይ ነው፤ ፌኖልፍታሊን ሮዝ ይሆናል። ሞላር በአንድ ሊትር ስንት ሞል እንዳለ ይናገራል።) እህቴ፣ ሁለት ቁጥር ይዘሽ መጥተሻል፤ እኔ ሦስተኛ እጨምርብሻለሁ። አንቺ አንድ እርምጃ ዘልለሻል። የመዝገቡ 0.24 ትክክል ነው፣ ግን ትክክል የሚሆንበትን ሁኔታ ማንም አልጻፈበትም። ሁለታችሁም ሳትጠይቁ ያመናችሁት «0.1 ሞላር» የሚለው የጠርሙስ ጽሑፍ ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ እኔን ያሳስበኛል።

ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት፣ 0.53 ሲመጣ መጠርጠር ነበረብሽ። ምሳ ቤት ካለው አቼቶ (ላብራቶሪ ከገባው አላልኩም) በማንኪያ ጫፍ ቅመሺ፤ ጥርስ ያጠርሳል። እሱኑ አሥር እጥፍ በውሃ አቅጥነሽ ቅመሺው፤ ሎሚ ጠብ የተደረገበት ውሃ ይመስላል። ሰላጣ ላይ ብታፈሺው ቅጠሉም አይሰማው። ያገኘሽው 0.53 የዚህ የቀጠነው ነው። ስህተትሽ እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ከሞላ ጎደል ልክ ነው፣ ባለቤቱ ግን ሌላ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ነው።

በታይትሬሽን የምንቆጥረው ሞል፣ ማለትም የቅንጣቶች ብዛት የሚለካበት መስፈሪያ ነው። ከቡሬቱ የወረደው የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሞል ኮኒካል ፍላስኩ (ታይትሬሽኑ የሚሠራበት ዕቃ) ውስጥ ካለው የአሴቲክ አሲድ፣ የአቼቶው አሲድ፣ ሞል ጋር ሲተካከል ሥራው አለቀ። አሴቲክ አሲድ አራት ሃይድሮጅን ቢኖረውም ለቤዝ አሳልፎ የሚሰጠው አንዱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ለአንድ እንቆጥራለን።

መጀመሪያ 22.90ን አውጪው። የመጀመሪያው ዙር ቀለሙ የት አካባቢ እንደሚለወጥ ለማወቅ የሚሠራ ነው፤ ቡሬቱን ከፍተሽ ስትለቂው ያልፋል፣ ማለፉም አያስነውርም። ሌሎቹ ሦስቱ በ0.10 ሚሊ ሊትር ውስጥ ተጠጋግተው ሲቆሙ እሱ ብቻውን ከአንድ ሚሊ ሊትር በላይ ርቋል። የሦስቱ አማካይ 21.75 ነው። አንቺ አራቱንም ደምረሽ 22.04 ወሰድሽ፤ ይህ ብቻውን መልስሽን ከሚገባው በ1.3 በመቶ አስበልጦታል። እኔ የማስተምራቸው ልጆች ላይ ይህን ስህተት በየሳምንቱ አየዋለሁ፤ «ብዙ ንባብ ከጥቂት ይሻላል» የሚል ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ። የማይስማማው ንባብ ሲጨመር ግን ብዛቱ አይጠቅምም።

አሁን እናስላ፤ ለጊዜው 0.1 ሞላሩን እንመነው። 21.75 ሚሊ ሊትር 0.02175 ሊትር ነው። በ0.1 ሲባዛ 0.002175 ሞል ቤዝ ይሆናል። ኮኒካል ፍላስኩ ውስጥም የነበረው አሲድ 0.002175 ሞል ነው። ይህ አሲድ ፍላስኩ ውስጥ የገባው በ25 ሚሊ ሊትር ተሸክሞ ስለሆነ 0.002175 ÷ 0.025 = 0.0870 ሞላር። የአሴቲክ አሲድ የሞል ክብደት 60.05 ግራም ነው፤ በሱ ስናባዛው 5.22 ግራም በሊትር፣ ወይም በ100 ሚሊ ሊትር 0.522 ግራም ይሆናል።

እዚህ ጋ ነው አንቺ ብዕርሽን ያስቀመጥሽው። እነዚያ 25 ሚሊ ሊትር ግን የመጡት ከቮሉሜትሪክ ፍላስኩ ነው እንጂ ከጠርሙሱ አይደለም። ቮሉሜትሪክ ፍላስኩ ውስጥ ያለው 10 ሚሊ ሊትር አቼቶ ወደ 100 ተለጥጦ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አሥር እጥፍ ነው፦ 0.870 ሞላር፣ 52.2 ግራም በሊትር፣ 5.22 በመቶ።

ለአዳዲስ ልጆች የማሠራቸው ነገር አለ። ከስሌቱ በፊት በወረቀቱ ጠርዝ ሦስት ዕቃ ይሥሉልኛል፦ ጠርሙስ፣ ቮሉሜትሪክ ፍላስክ፣ ኮኒካል ፍላስክ። ከዚያ የሚጽፉትን እያንዳንዱን ቁጥር ከየትኛው ዕቃ እንደሆነ በመስመር ያገናኙታል። መጀመሪያ የሕፃን ሥራ ይመስላቸውና ይስቃሉ። ግን «0.0870 ሞላር» ከቮሉሜትሪክ ፍላስኩ ሥዕል ጋር ከተገናኘ በኋላ እሱን የጠርሙስ መልስ ነው ብሎ ለአለቃ የሚያቀርብ አላጋጠመኝም።

ወደ 0.24 እንመለስ። ከላይ የሠራነውን ቁጥር በሙሉ በአንድ መስመር ጻፊው፦ ንባብ × 0.1 × 60.05 ÷ 25፣ ከዚያ ስለ ማቅጠኑ × 10፣ ከዚያ ግራም በሊትርን ወደ በመቶ ለመቀየር ÷ 10። ሁለቱ አሥሮች ተጣጥለው ይጠፋሉ። የሚቀረው 0.1 × 60.05 ÷ 25 = 0.2402 ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ይኸው ነው።

እንግዲህ መዝገቡን የጻፈው ልጅ ወይ ነገሩ ገብቶት አሳጥሮታል፣ ወይ ማቅጠኑንም የመስፈሪያ ቅየራውንም ረስቶ ሁለት ስህተት ተጣጥሎ ትክክል ወጥቶለታል። ከቁጥሩ ብቻ መለየት አይቻልም። ለዚህ ነው ፋክተር (እንደ 0.24 ያለ፣ ንባቡ በቀጥታ የሚባዛበት አቋራጭ ቁጥር) ስጠላ የኖርኩት ብል ግን ውሸት ይሆናል፤ በቀን ሠላሳ ናሙና የሚሠራ ሰው ከሞል እየተነሳ ሊያሰላ አይችልም። የወተት ሰዎችን ተመልከቺ። 9 ሚሊ ሊትር ወተት ወስደው በ0.1 ኖርማል (ለዚህ ቤዝ ከ0.1 ሞላር ጋር አንድ ነው) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት ያደርጉና ንባቡን በ10 አካፍለው የላክቲክ አሲዱን በመቶኛ ይናገራሉ። የላክቲክ አሲድ የሞል ክብደት 90.08 ስለሆነ ነው 9 የተመረጠው፤ ሒሳቡ በቃል እንዲወጣ ታስቦበት የተሰናዳ ነው። ፋክተሩና የናሙናው መጠን አብረው ስለሚነገሩ አንዱን ይዞ ሌላውን የሚረሳ የለም። የእናንተ 0.24 ግን ብቻውን ቆሞ ነው ያገኘሽው።

ብቻውን የቆመ ፋክተር ምን እንደሚያደርግ ከራሴ ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩበት ቦታ ልክ እንደዚህ ያለ ቁጥር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። አንድ ቀን 25ቱ ፒፔት እጄ ላይ ተሰበረ። መጋዘን የነበረው የ20 ብቻ ስለነበር እሱን ወሰድኩ፤ ንባቡን እንደ ልማዴ በግድግዳው ቁጥር አባዛሁ። አምስት በመቶ የነበረው አቼቶ አራት በመቶ ሆኖ መታየት ጀመረ። «አሲዱ አንሷል» ብዬ ጻፍኩ፤ የምርት ክፍሉ ሰዎችም አመኑኝና ያልቀጠነ አሴቲክ አሲድ ጨመሩበት፤ እስከዚያው የእኔ ወረቀት አምስት እስኪል ድረስ። እውነተኛው 6.25 ደርሶ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማናችንም አላስተዋልንም። አንድ የቆየ ባልደረባ ቡና ሊጠጣ ሲያልፍ ፒፔቱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቦ «ይህች ከመቼ ወዲህ ነው?» አለኝ። እስከ ዛሬ ፒፔት ሳነሳ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የሚሰማኝ ሰው ባይኖርም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር፣ ወደ ቤዙ።

4 ግራም መዝነሽ በአንድ ሊትር አሟሟሽ። የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሞል ክብደት 40 ስለሆነ በወረቀት ላይ 0.1 ሞላር ነው። እስቲ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመዝኚ ሚዛኑን ቆም ብለሽ ተመልከቺ። ነጫጮቹን ፍሬዎች ሳህኑ ላይ ስታደርጊ ደረቅ ናቸው። ማስታወሻሽን ጽፈሽ ቀና ስትዪ ላብ እንዳላበው ግንባር ያብረቀርቃሉ፤ የሚዛኑ የመጨረሻ አሃዝም ዓይንሽ እያየ ወደ ላይ ይንቀሳቀሳል። ከአየሩ ውሃ እየሳቡ ነው። ከውሃው ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይስባሉ፤ ያ ደግሞ ከፊሉን ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለውጠዋል። ስለዚህ የመዘንሽው 4 ግራም ውስጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ከአራት ያንሳል። ካዘጋጀሽው በኋላ ደግሞ ወር ሙሉ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲስብ ከርሟል።

ለዚህ ነው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፕራይመሪ ስታንዳርድ (ተመዝኖ ብቻ የሚታመን መነሻ) ሊሆን የማይችለው፤ መዝኖ ማመን አይቻልም። ትክክለኛውን ኮንሰንትሬሽን (ጥንካሬውን) የሚነግርሽ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። በብዙ ላብራቶሪ የሚሠራበት ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት ነው፤ ነጭ ዱቄት፣ ከአየር ውሃ የማይስብ፣ የሞል ክብደቱ 204.22 ከፍ ያለ ስለሆነ የሚዛን ስህተት ብዙ የማይጎዳው፣ ለቤዝ አንድ ፕሮቶን (ቅድም ያልነውን ተላላፊ ሃይድሮጅን) ብቻ የሚሰጥ። ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ምድጃ ሁለት ሰዓት ታደርቂዋለሽ፤ ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ዝግ ዕቃ) ውስጥ ይበርዳል፤ ከዚያ ግማሽ ግራም ያህሉን እስከ አራተኛ አሃዝ መዝነሽ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ውስጥ ታሟሚዋለሽ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ መፍላቱ የሟሟውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያባርርልሻል። (አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይበቃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። ይበቃል፤ ዋናው ነገር ለጥቂት ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ መቆየቱና ሲቀዘቅዝ መከደኑ ነው።)

ምሳሌ ልስጥሽ። 0.5105 ግራም መዘንሽ እንበል። በ204.22 ሲካፈል 0.002500 ሞል ነው። ቤዝሽ እውነት 0.1 ሞላር ቢሆን 25.00 ሚሊ ሊትር ላይ ሮዝ ይሆን ነበር። ቡሬቱ ግን 26.05 አሳየ። 0.002500 ÷ 0.02605 = 0.0960 ሞላር። ወር የቆየ፣ በ4 ግራም የተዘጋጀ ቤዝ ላይ እንዲህ ዓይነት ቁጥር ባገኝ አልደነግጥም።

ይህን ወደ አቼቶሽ አምጪው። 21.75 × 0.0960 ÷ 25 = 0.0835፤ ለማቅጠኑ በ10 ስናባዛ 0.835 ሞላር፤ በ60.05 ሲባዛ 50.1 ግራም በሊትር። 5.0 በመቶ። ቅድም 5.22 ያልነው ማለት ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከዚህኛው ጋር ይስማማል፤ ግን እሱን ብለሽ አይደለም የምትቀበዪው፤ የራስሽን ቤዝ ለክተሽ የሚወጣውን ነው። 4.9ም ሊሆን ይችላል፣ 5.1ም።

ልዩነቱ ትንሽ ከመሰለሽ ገልብጠሽ እዪው። እውነተኛ ይዘቱ 4.8 የሆነ አቼቶ በዚህ ቤዝ ተለክቶ «0.1 ሞላር» እየተባለ ቢሰላ 5.0 ሆኖ ይወጣል። ደክሞ የከረመ ቤዝ አሲዱን ሁልጊዜ ጠንካራ አስመስሎ ነው የሚያሳየው። ማለትም ስህተቱ ሁልጊዜ ለፋብሪካው ወደሚያደላው ወገን ነው፤ ለዚህ ይመስለኛል ሳይነቃበት ብዙ ጊዜ የሚኖረው። ውጤቱ ቢያንስ ኖሮ አለቃሽ በማግሥቱ ይመጣ ነበር።

ስለ ካርቦኔቱ አንድ ረቂቅ ነገር ልጨምር፤ ብዙ መጽሐፍ ዘልሎት ያልፋል። ካርቦኔት ሁለት ፕሮቶን መቀበል ይችላል። በሌላው ኢንዲኬተር በሜቲል ኦሬንጅ ከጨረስሽ ሁለቱንም ተቀብሎ ነው ቀለሙ የሚለወጠው፤ በፌኖልፍታሊን ከጨረስሽ ግን የሚቆጠረው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤዙን በሃይድሮክሎሪክ አሲድና በሜቲል ኦሬንጅ ለክተሽ፣ አቼቶውን ደግሞ በፌኖልፍታሊን ብትሠሪ፣ ያው አንድ ቤዝ ሁለት የተለያየ ጉልበት ይኖረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቤዙን የለካሽበትና አቼቶውን የለካሽበት ኢንዲኬተር አንድ ይሁን። ቤዙንም በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጥብቅ ሆኖ አስቀምጪ፤ የመስታወት ክዳን ካደረግሽበት አንድ ቀን ተጣብቆ ይቀራል፣ ጠርሙሱን ሰብረሽ ነው የምትከፍቺው። የቡሬቱም ቧንቧ የመስታወት ከሆነ ማታ ሳታጥቢ አትሂጂ።

ፌኖልፍታሊን መምረጥሽ ትክክል ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን ልበልሽ፣ አለቃሽ «ሜቲል ኦሬንጅ አለን እኮ» ሊል ይችላልና። አሴቲክ አሲድ ደካማ አሲድ ነው። አሲዱ አልቆ ቤዙ ሲስተካከል ፍላስኩ ውስጥ የሚቀረው ሶዲየም አሴቴት ራሱ ትንሽ ቤዝነት ስላለው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ 7 መካከለኛው ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ) 7 ላይ አይቆምም፤ በእናንተ ኮንሰንትሬሽን 8.7 አካባቢ ነው። ፌኖልፍታሊን ከ8.2 እስከ 10 ባለው ውስጥ ነው የሚለወጠው፤ ገጠመ። ሜቲል ኦሬንጅ የሚለወጠው ከ3.1 እስከ 4.4 ባለው ነው። የአንቺ የቀጠነ አቼቶ ሲጀምር ፒኤቹ 2.9 ገደማ ስለሆነ ቀለሙ ከመጀመሪያዋ ሚሊ ሊትር ጀምሮ ቀስ እያለ ይሸሻል፤ 6 ወይም 7 ሚሊ ሊትር ላይ ጭራሽ ቢጫ ሆኖ ያርፋል። ሥራው ገና ሲሶው ነው የተሠራው። አንድ ሰው አቼቶ ለክቶ 1.5 በመቶ አገኘሁ ካለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ የኢንዲኬተሩ ጠርሙስ ላይ ምን ተጽፏል ነው።

የማቆሚያውን ነጥብ በዓይን ስለ መያዝ ደግሞ በቃል ማስተማር ይከብዳል፤ ግን ልሞክር። ከፍላስኩ ሥር ነጭ ወረቀት አንጥፊ። መጀመሪያ ላይ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ሮዝ ብልጭ ይልና ፍላስኩን ሳታዞሪው ይጠፋል። እየቀረብሽ ስትሄጂ ሮዙ እንደ ደመና ተበትኖ፣ ስታዞሪው ሁለት ሦስት ዙር ተከትሎሽ ነው የሚጠፋው። እዚህ ላይ ቧንቧውን ወደ ጠብታ መልሺው። አንዷ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ናት፤ በአንቺ ንባብ ላይ ከ0.2 በመቶ በላይ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ግማሽ ጠብታ ጫፉ ላይ አንጠልጥለሽ በፍላስኩ የውስጥ ግድግዳ ላይ አስነኪና በዲስቲልድ ውሃ እጠቢው። ሮዝ ነው ወይስ ዓይኔ ነው ብለሽ የምትጠራጠሪበት፣ ግን ሠላሳ ሰከንድ የሚቆይ ቀለም ሲመጣ አቁሚ። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ቢደበዝዝ አትጨምሪበት፤ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚበላው። የቀይ ሥር ሰላጣ ውሃ ከመሰለልሽ ግን አልፈሻል፤ ድገሚው።

በነገራችን ላይ ይህ ሥራ የተጀመረው በአቼቶ ነው ማለት ይቻላል። ፈረንሳዊው ክሎድ ዦፍሯ በ1729 የአቼቶን ጥንካሬ ሲለካ የፖታሽ (የፖታሲየም ካርቦኔት) ዱቄት ጥቂት በጥቂት እየጨመረ መንፈቅፈቁ ሲያበቃ ያቆም ነበር። ኢንዲኬተሩ አረፋው ነበር። ቡሬትና ፒፔት የሚሉትን ስሞች በዚህ ሙያ ያስለመደው ሌላው ፈረንሳዊ ጌ-ሉሳክ የመጣው ከእሱ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1824 ነው።

ዕቃ ስለ ማለቅለቅ በፍጥነት፦ ቡሬቱ በቤዙ፣ ፒፔቱ በቀጠነው አቼቶ፣ ኮኒካል ፍላስኩ በውሃ ብቻ ይለቅለቃሉ። ኮኒካል ፍላስኩን «ለጥንቃቄ» ብለው በአሲዱ የሚያለቀልቁ አሉ፤ ግድግዳው ላይ የቀረው አሲድ ያልተሰፈረ ሞል ነው። በአንጻሩ ፍላስኩ ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር ውሃ ብትጨምሪ ምንም አይሆንም፤ ሞሉ አይለወጥምና፣ ቀለሙንም ለማየት ይረዳሻል። ይህ ከቮሉሜትሪክ ፍላስኩ ውሃ ጋር እንዳይምታታብሽ፤ እዚያ አንድ ጠብታ ትርፍ ውሃም ስህተት ነው። ቡሬቱን ስትሞዪ ማስገቢያ ፈነሉን አንሺ፣ ከቧንቧው በታች አየር ተደብቆ አለመቅረቱን እዪ። በአፍ ፒፔት መሳብ ደግሞ የድሮ ጀግንነት ነው፤ ተዪው።

የሙቀቱ ነገር በአካባቢሽ ይወሰናል። የመስታወት ዕቃዎቹ የተለኩት ለ20 ዲግሪ ነው። ክፍሉ 35 ዲግሪ የሚሆንበት ቆላ ከሆንሽ የውሃው መጠን በ0.4 በመቶ ገደማ ይለያል። ቤዙን ጠዋት በቀዝቃዛው ለክተሽ አቼቶውን ከሰዓት በሙቀቱ አትሥሪ፤ ሁለቱንም በአንድ ቁጭታ ጨርሺያቸው።

መልሱን ስትጽፊ 5.0128 ብለሽ እንዳታቀርቢ። የ10ሩ ፒፔት ራሱ በ0.02 ሚሊ ሊትር ሊዛባ ይችላል፣ ቡሬቱ በ0.05። ካልኩሌተሩ የሚያሳየው አሃዝ ሁሉ የአንቺ አይደለም፤ 5.0 በመቶ በይ። ከሱ ጎንም «ጠቅላላ አሲድ፣ እንደ አሴቲክ አሲድ ተቆጥሮ፣ ግራም በ100 ሚሊ ሊትር» የሚል ይጨመርበት። ቤዙ አሲዱ ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ከፍራፍሬ የተሠራ አቼቶ ከሆነ ውስጡ ያሉ ሌሎች አሲዶችም ተቆጥረዋል። መስፈሪያውም የሚጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ አቼቶ ተብሎ ለመሸጥ ቢያንስ 4 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ይጠበቃል፣ በአውሮፓ ኅብረት የወይን አቼቶ ደግሞ 6 ግራም። አንድ ቀን ምርታችሁን ውጭ የሚገዛ ቢመጣ የሚጠይቃችሁ በዚህ ቋንቋ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ቀርቶኛል፤ ስለዚያ «በተማርኩት ቀመር» ስላልሽው። የአሲዱ ሞላሪቲ በመጠኑ ሲባዛ ከቤዙ ሞላሪቲ በመጠኑ ሲባዛ ጋር እኩል ነው የሚለው ቀመር የሚሠራው አንድ ለአንድ ሲሆን ብቻ ነው። ነገ የባትሪ አሲድ ቢያመጡልሽ ሰልፈሪክ አሲድ ሁለት ፕሮቶን ስለሚሰጥ በዚያ ቀመር የምታገኚው ከእውነተኛው እጥፍ ይሆናል። የሎሚ ጭማቂ ቢሆን ሲትሪክ አሲድ ሦስት ይሰጣል፤ የሞል ክብደቱ 192.12 ለሦስት ተካፍሎ 64.04 ነው የምትጠቀሚው። ይህ ከ60.05 ጋር መቀራረቡ ደግሞ መጥፎ አጋጣሚ ነው፤ የአቼቶን ፋክተር ሎሚ ላይ የተጠቀመ ሰው የሚያገኘው መልስ ለዓይን ያምራል፣ ስህተቱ ከ7 በመቶ በታች ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

ነገ ጠዋት እንግዲህ ቤዙን በፍታሌቱ ሦስት ጊዜ ለኪው፤ ያገኘሽውን ቁጥርና ቀኑን ጠርሙሱ ላይ ለጥፊ፣ «0.1 ሞላር» የሚለውን ሰርዢ። በየሳምንቱ ድገሚው። ለአለቃሽ መዝገቡ ስህተት ነው አትበዪው፤ ስላልሆነ። 0.24ንም አትሰርዢው። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ ይህን ጻፊበት፦ «10 ወደ 100 ሲቀጥን፣ 25 ሚሊ ሊትር ሲወሰድ፣ ቤዙ 0.1000 ሞላር ሲሆን፣ ለአሴቲክ አሲድ ብቻ። ቤዙ ሌላ ከሆነ ውጤቱን በእውነተኛው ሞላሪቲ አባዝቶ በ0.1 ማካፈል።» በምሳሌያችን 21.75 × 0.2402 × 0.0960 ÷ 0.1 ማለት ነው፤ ቁጭ ብለሽ አስዪውና ከላይ ካገኘነው ጋር አስተያዪው።